ዝነኞች ሲከሰሱ ወሬው ለምን ይራገባል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዓመታት በፊት ልደታ በሚገኘው ፍርድ ቤት ችሎት እየተከታተልኩ ለጋዜጣ እዘግብ ነበር፤ ኋላም የውጭ ዜና ወደ አማርኛ መመለስ ዋና ሥራዬ ሆነ። አንድ ዘፋኝ፣ ተዋናይ ወይም ኳስ ተጫዋች በተከሰሰ ቁጥር ከዘመድም ከአንባቢም የሚመጣልኝ ጥያቄ ይመሳሰላል። መልሶቼን አንድ ቦታ ሰብስቤያቸዋለሁ። ፍርድ ቤት ገና አንድ ቃል ሳይናገር ሰው ስሙን ሲያጣ ደጋግሜ ስላየሁ ነገሩ ከልቤ ያሳስበኛል።

የተራገበ ወሬ ማለት ውሸት ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ ውሸት አይደለም፤ አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። የበሬ ወለደ ዓይነቱን ወሬ አንባቢ ውሎ አድሮ ያውቀዋል። የተራገበ ወሬ ግን እያንዳንዱ ቃሉ እውነት ሆኖ ድምሩ ሐሰት ሊሆን ይችላል።

አንድ ተዋናይ ፖሊስ ጣቢያ ተጠርቶ ቃሉን ሰጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ እንበል። «ተዋናዩ በወንጀል ምርመራ ክፍል» ብሎ መጻፍ ውሸት አይደለም። ከሥሩ ቀድሞ በሠራው ፊልም ላይ እጁ በካቴና ታስሮ የሚታይበትን ምስል መለጠፍም ውሸት ላይባል ይችላል፤ ምስሉ የራሱ ነውና። አንባቢው ግን ይዞት የሚሄደው «ታሰረ» የሚለውን ነው። ቃሉን ሰጥቶ መሄዱ አምስተኛው አንቀጽ ላይ ተጽፏል፤ እዚያ የሚደርስ አንባቢ ጥቂት ነው።

ይህን ያመጣው ዩቲዩብና ፌስቡክ አይደለም?

አይደለም። ሬዲዮ እንኳ ገና በየቤቱ ባልገባበት ዘመን በጋዜጣ ብቻ የተፈረደበት ሰው አለ። ሮስኮ አርበክል ይባላል። በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን አሜሪካን ያሳቀ ኮሜዲያን ነበር፤ ሰውነቱ ግዙፍ ስለነበር ተመልካች «ፋቲ» እያለ ይጠራዋል። ፓራማውንት የተባለው የፊልም ኩባንያ በዓመት አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያስገኝለት ውል ፈርሞ ነበር።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 5 ቀን 1921 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሴንት ፍራንሲስ ሆቴል አርበክል በነበረበት ግብዣ ላይ ቨርጂኒያ ራፕ የተባለች ተዋናይት በጠና ታመመች። ከአራት ቀን በኋላ ሞተች። ለሞት ያበቃት የፊኛዋ መቀደድና እሱን ተከትሎ ሆዷ ውስጥ የተሰራጨው ቁስለት ነበር። አርበክል በነፍስ ግድያ ተጠርጥሮ ታሰረ፤ ክሱ ቆየት ብሎ ያለ ግድያ ሐሳብ ሰው ወደ መግደል ዝቅ አለ።

የዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ጋዜጦች ለዚህ ዜና የፊት ገጻቸውን ከፈቱ። የሰውየው ክብደት ራሱ እንደ ማስረጃ ተቆጠረ፤ ትናንት ሕዝብ የሳቀለት ገላ በማግስቱ የወንጀል መሣሪያ ተደርጎ ተጻፈ። ሲኒማ ቤቶች ፍርዱን ሳይጠብቁ ፊልሞቹን አወረዱ። ኸርስት ይህ ጉዳይ ከሉሲታኒያ መርከብ መስጠም የበለጠ ጋዜጣ ሸጦልኛል ማለቱ እስከ ዛሬ ይነገርለታል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፦ የክሱ መነሻ የሆነ ቃል የሰጠችውን ሌላ ሴት ዐቃቤ ሕግ ከሦስቱ ችሎቶች በአንዱም ለምስክርነት አልጠራትም። ሕዝቡ ቃሏን የሰማው ከጋዜጣ ነው።

ሦስት ጊዜ ለፍርድ ቀረበ። በሁለቱ ጁሪ የሚባሉት ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች መስማማት አቃታቸው። በሦስተኛው፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1922፣ ፈራጆቹ ለመመካከር ወደ ክፍላቸው ገብተው በስድስት ደቂቃ ገደማ ተመለሱ። ከደቂቃዎቹ አብዛኛዎቹ ያለፉት ወረቀት ላይ ሲጽፉ ነበር። ለሮስኮ አርበክል ነጻ መባል ብቻ እንደማይበቃው፣ ትልቅ በደል እንደተፈጸመበትም ጻፉ። ስድስት ቀን ቆይቶ የፊልም ኢንዱስትሪውን ገጽታ እንዲያድስ የተሾመው ዊል ሄይስ አርበክል ከፊልም እንዲታገድ አደረገ። እገዳው በዚያው ዓመት መጨረሻ ቢነሣም ስሙ ግን አልተነሣም። ከዚያ በኋላ ዊልያም ጉድሪች በሚል ሌላ ስም ፊልም ሲያዘጋጅ ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1933 በ46 ዓመቱ አረፈ።

ስለ እነዚያ ስድስት ደቂቃዎች ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ማስረጃውን ቁጭ ብለው የሰሙት ሰዎች የጻፉት አንድ ወረቀት ሰባት ወር ከተጻፈው ርዕሰ ዜና ጋር ሊመጣጠን አልቻለም።

ሁልጊዜ ለዝነኛው ብቻ ማዘን ተገቢ ነው? ተበደልኩ የሚለው ወገንስ?

ተገቢ አይደለም። በተራገበ ወሬ ተበዳይም ይጠፋል። ቨርጂኒያ ራፕ ከሞተች በኋላ ለአንዱ ወገን ነቀፋ የሌለባት ምስኪን፣ ለሌላው ምግባረ ብልሹ ሆና ተሳለች። መቃብር ውስጥ ሆና መልስ መስጠት አትችልም። እስከ ዛሬ ስሟ የሚነሣው በአርበክል ታሪክ ውስጥ ብቻ ነው።

በእኛም አገር ልብ ልንለው የሚገባ ጉዳይ አለ። ድምፃዊ ቴዎድሮስ ካሳሁን፣ ሁላችንም ቴዲ አፍሮ የምንለው፣ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ታሰረ። አንድ የጎዳና ተዳዳሪ ወጣት በመኪና ገጭቶ ገድሎ ጥሎ ሄዷል በሚል ተከሶ፣ ድርጊቱን ቢክድም በ2001 ዓ.ም. የስድስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። በይግባኝ ቅጣቱ ወደ ሁለት ዓመት ወረደ፤ በነሐሴ 2001 ዓ.ም. ከእስር ወጣ። ክሱ ፖለቲካ ነው፣ አይደለም የሚለው ክርክር ሻይ ቤቱንም ታክሲውንም ሞልቶት ነበር፤ ለመከራከርም በቂ ምክንያት ነበረ። ግን የዘፋኙን የእስር ወራት ቆጥረን የምናውቅ ሰዎች የሟቹን ወጣት ስም የምናስታውስ ስንቶቻችን ነን? ከየት መጣ፣ ማን አለቀሰለት? ያ ወጣት ያለ ታሪክ የተቀበረ ያህል ይሰማኛል።

«ፖሊስ ቤቱን ፈተሸ» የሚለው እውነት ከሆነ መዘገቡ ምን ጥፋት አለው?

ለዚህ ጥያቄ ከብሪታንያው ዘፋኝ ከክሊፍ ሪቻርድ ጉዳይ የተሻለ መልስ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2014 የደቡብ ዮርክሻየር ፖሊስ ከለንደን ወጣ ብሎ በርክሻየር የሚገኘውን የዘፋኙን መኖሪያ ፈተሸ። ምርመራው ከብዙ ዓመታት በፊት ተፈጸመ በተባለ የወሲብ ጥቃት ላይ ነበር። ቢቢሲ ፍተሻው እንደሚካሄድ ቀድሞ ስላወቀ ከሕንፃው በላይ ሄሊኮፕተር አቆመ። ተመልካቹ ሳሎኑ ሆኖ ፖሊሶቹ ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሉ በመስኮት በኩል አየ። ባለቤቱ በዚያ ሰዓት ፖርቱጋል ነበር።

ክሊፍ ሪቻርድ አልታሰረም። አልተከሰሰም። ዐቃቤ ሕግ እ.ኤ.አ. በጁን 2016 ክስ እንደማይመሠርት አስታወቀ። ዘፋኙ ፖሊስንም ቢቢሲንም ከሰሰ። ፖሊስ 400,000 ፓውንድ ከፍሎ ተስማማ። ቢቢሲ ግን የፕሬስ ነጻነት ነው ብሎ እስከ መጨረሻው ተከራከረ፤ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 ከፍተኛው ፍርድ ቤት 210,000 ፓውንድ ካሣ እንዲከፍል ወሰነበት። ከዚህ ውስጥ 20,000 ፓውንዱ የተጨመረበት ምክንያት ከአእምሮዬ አይጠፋም፦ ቢቢሲ ይህን ዘገባ ለዓመቱ ምርጥ ሰበር ዜና ሽልማት አወዳድሮት ነበር።

ፍተሻው እውነት ነው። ነገር ግን ፍተሻ የመርማሪ ጥያቄ ነው እንጂ መልስ አይደለም። ሄሊኮፕተር ሲጨመርበት ጥያቄው መልስ መሰለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዜና ድርጅቱ ብሉምበርግ በተከሰሰበት ሌላ መዝገብ፣ በምርመራ ላይ ያለ ሰው ክስ እስኪመሠረትበት ድረስ ጉዳዩ በምስጢር እንዲያዝለት የመጠበቅ መብት እንዳለው በመርሕ ደረጃ አጸና።

ብዙ ጋዜጠኞች ይህን ውሳኔ ተቃውመዋል፤ ተቃውሟቸውን በቀላሉ አላልፈውም። ባለ ገንዘብና ባለ ሥልጣን ከኋላው ሊሸሸግበት ይችላል። የፊልም ፕሮዲዩሰሩን የሃርቪ ዋይንስቲንን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017 አደባባይ ያወጡት ጋዜጠኞች ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ክስ አልተመሠረተበትም። እነሱ ግን ወራት ፈጅተው ሴቶቹን አነጋገሩ፣ የስምምነት ሰነዶችን መረመሩ፣ ለተጠቀሰውም ሰው መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ሰጡት። ልዩነቱ የሰውየው ዝና ላይ አይደለም፤ ጋዜጠኛው ከማተሙ በፊት በሠራው ሥራ ላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ዝነኛው ጋዜጣውን ከሶ ለምን አያሸንፍም?

የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1964 በኒውዮርክ ታይምስና በሱሊቫን መካከል በነበረው ክርክር፣ ኋላም ባስፋፋቸው ውሳኔዎች፣ የከሳሹን ሥራ አክብዶታል። በሕዝብ የታወቀ ሰው ስሙ ጠፋ ብሎ ለማሸነፍ የተጻፈው ሐሰት መሆኑን ማሳየት ብቻ አይበቃውም፤ ጸሐፊው ሐሰትነቱን እያወቀ ወይም እውነት ይሁን አይሁን ግድ ሳይሰጠው መጻፉን ማስረዳት አለበት። በብሪታንያ ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ሰው ከታሰረ በኋላ ፍርዱን በእጅጉ ሊያዛባ የሚችል ነገር ማተም እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ሕግ ችሎት እንደመድፈር ተቆጥሮ ያስቀጣል።

ካሜራ ችሎት ውስጥ ከገባ ሕዝቡ እውነቱን ራሱ አያይም?

እኔም አንድ ሰሞን እንዲያ አምን ነበር። ካሜራ የሚያሳየን ግን ቀልብ የሚስበውን ነው፤ ፍርድ የሚሰጠው ደግሞ አሰልቺውን ጭምር ሰምቶ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 1994 የአሜሪካ እግር ኳስ ኮከብ የነበረው ኦ ጄ ሲምፕሰን፣ በቀድሞ ሚስቱና በአንድ ወዳጇ ግድያ ተጠርጥሮ እጁን መስጠት በነበረበት ቀን፣ በነጭ ፎርድ ብሮንኮ መኪና የሎስ አንጀለስን አውራ ጎዳናዎች ሲያካልል ዋለ። 95 ሚሊዮን የሚሆን ሰው በቴሌቪዥን ተከታተለው። በዚያው ሰሞን ታይም መጽሔት ፖሊስ ያነሣውን ፎቶ ፊቱን አጥቁሮ ሽፋን ላይ አወጣው፤ ኒውስዊክ ያንኑ ፎቶ ሳይነካ አተመ። ሁለቱ መጽሔቶች አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ሰው ሁለት መስሎ ታየ። ታይም ትችት ሲበዛበት ይቅርታ ጠየቀ። ፈራጆቹ ከዚህ ሁሉ እንዲርቁ ተብለው 265 ቀን ሆቴል ውስጥ ተለይተው ኖሩ።

እ.ኤ.አ. በ2022 ቨርጂኒያ ግዛት ውስጥ ቀድሞ ባልና ሚስት የነበሩት ተዋናዮች ጆኒ ዴፕና አምበር ኸርድ በስም ማጥፋት ሲካሰሱ ግን ችሎቱ በቀጥታ እየተላለፈ ፈራጆቹ ማታ ማታ ወደየቤታቸው ይሄዱ ነበር። እንዳይመለከቱ ታዝዘዋል። ውጭ ግን ስድስት ሳምንት ሙሉ ከችሎቱ የተቆረጡ የሰላሳ ሰከንድ ቪዲዮዎች በሙዚቃ ታጅበው በየስልኩ ይሰራጩ ነበር። አንዲት ሴት ደረሰብኝ የምትለውን ድብደባ ስትናገር የሚያሳይ ምስል መሳቂያ ሆኖ ሲመጣ ስልኬን ዘግቼ አውቃለሁ። ከሁለቱ እውነቱ የማንኛቸውም ቢሆን፣ ምስክርነት እንዲህ መደረግ የለበትም።

በአማርኛ ዜናዎች ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት የትኛው ነው?

ቃል ማደባለቅ። እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እመልሳለሁ፤ አንባቢ ራሱን ሊከላከል የሚችለው በዚህ ነውና።

ከውጭ በምንመልሰው ዜና ላይ ትልቁ ችግር የወንጀልንና የፍትሐ ብሔርን ጉዳይ አንድ ማድረግ ነው። ሲምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1995 ከወንጀሉ ክስ በነጻ ተሰናበተ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ የሟቾቹ ቤተሰቦች በመሠረቱት የፍትሐ ብሔር ክስ ለሞታቸው ኃላፊ ነው ተባለ፤ 33.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወሰነ። ሁለቱ አይጋጩም፤ የሚጠየቀው የማስረጃ ክብደት ይለያያል። «ኃላፊ ነው» የተባለን ሰው «ጥፋተኛ ተባለ» ብሎ መመለስ ያልተሰጠ ፍርድ መስጠት ነው። የገንዘቡም ቁጥር እንዲሁ ነው። ዴፕ የጠየቀው 50 ሚሊዮን፣ ኸርድ በአንጻሩ የጠየቀችው 100 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ርዕሱን የሞሉትም እነዚህ ቁጥሮች ናቸው። በፍርዱ ለእሱ 10.35 ሚሊዮን፣ ለእሷ 2 ሚሊዮን ተወሰነ፤ በመጨረሻም እሷ አንድ ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተስማምተው ጨረሱ። ክስ ላይ የሚጻፍ ገንዘብ የከሳሽ ፍላጎት ነው፤ ማንም ሰው የፈለገውን ያህል መጻፍ ይችላል።

የአገር ቤቱ ስህተት ደግሞ ሌላ ነው። በጊዜ ቀጠሮ የቆየን ሰው «የ14 ቀን እስራት ተፈረደበት» ሲባል ሰምቻለሁ። ፖሊስ ምርመራዬን ልጨርስ ብሎ የጠየቀው ጊዜ ነው እንጂ ቅጣት አይደለም። ከዚህ የባሰው «ይከላከል» የሚለው ብይን ነው። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ከተሰማ በኋላ ፍርድ ቤቱ ተከሳሹን መከላከያውን እንዲያሰማ ሊያዝዘው ይችላል። ትርጉሙ «መልስ ልትሰጥበት የሚገባ ነገር ቀርቧል» ነው፤ መልሱ ገና አልተሰማም።

ልደታ አንድ ጠዋት ያየሁት ዛሬም ይታየኛል። ዳኛው በዝቅተኛ ድምፅ ብይን እያነበቡ ነው። «እንዲከላከል» የሚለው ቃል ከአፋቸው እንደወጣ ከኋላ ወንበር ሁለት ወጣቶች ስልካቸውን ይዘው ተነሡ። በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ ዳኛው የመከላከያ ምስክር የሚሰማበትን ቀን ገና እየተናገሩ ነበር። እኔ ከግቢው ሳልወጣ «ጥፋተኛ ተባለ» የሚል ርዕስ ስልኬ ላይ ደረሰ።

ስህተት ከተሠራ ማስተካከያ አይወጣም?

ይወጣል፤ የሚያየው ግን የለም። አንድ ጊዜ ስለ አንድ ተዋናይ «ተከሰሰ» ብዬ ያስረከብኩት ዜና ርዕሱ ተቀይሮ «ታሰረ» ሆኖ ፊት ገጽ ላይ ወጣ። ሰውየው ጋዜጣውን አራት እጥፍ አጥፎ በኪሱ ይዞ ቢሮ ድረስ መጣ። አልጮኸም። «እናቴ ስንቅ ይዛ ከደሴ ተነሥታለች። የት እስር ቤት እንደምታገኘኝ እየጠየቀች ነው» አለኝ። ማስተካከያው በሳምንቱ ታተመ፤ ውስጥ ገጽ፣ ከጨረታ ማስታወቂያ ሥር፣ አራት መስመር። ርዕሱን እኔ አልቀየርኩትም፤ ስሜ ግን ከሥሩ ነበር።

በኢትዮጵያ ሕጉ ምን ይላል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስም ማጥፋትን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 2044 ጀምሮ ይመለከተዋል። የመገናኛ ብዙኃን ሥራ የሚገዛው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ነው። ስለዚህ ሕግ የለም ማለት አይቻልም።

ታዲያ ፍርዱ እስኪሰጥ መዘገብ ቢከለከል አይሻልም?

በፍጹም። ከተራገበ ወሬ የሚብስ ነገር ቢኖር ዝግ በር ነው። በዚያው በቴዲ አፍሮ ጉዳይ ሰሞን «ዕንቁ» የተባለው መጽሔት ስለ ዘፋኙ የሽፋን ታሪክ ይዞ ሊወጣ ሲል ፖሊስ 10,000 ቅጂዎቹን ያዘ፤ አዘጋጁም ለቀናት ታሰረ። የ«አዲስ ነገር» ጋዜጣ አዘጋጅ ደግሞ የዘፋኙን ጠበቃ ቃለ ምልልስ በማተሙ ችሎት ደፍረሃል ተብሎ ተቀጣ። ጠበቃ ማናገር ማራገብ አይደለም፤ ጋዜጠኛ ሊያደርገው የሚገባ ሥራ ነው። ጋዜጣው ዝም ሲል ሰዉ ዝም አይልም፤ ወሬው ወደማይጠየቅ አፍ ይሸጋገራል። የሚያስፈልገን ችሎቱን እስከ መጨረሻው ተቀምጦ የሚሰማ ዘጋቢ ነው።

ዜናውን አምኜ ለሌሎች ልኬ ነበር፤ ሰውየው ኋላ ነጻ ወጣ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የላክህበትን ቦታ አስታውስ። የቤተሰብ ቴሌግራም ከሆነ እዚያው፣ የዕድር ወይም የሰፈር ልጆች ዋትስአፕ ከሆነ እዚያው፣ ነጻ መባሉን ላክ። የድሮውን መልእክት ዝም ብሎ መሰረዝ ያነበበውን ሰው ሐሳብ አይሰርዝም። «በመጋቢት ይህን ልኬላችሁ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ዛሬ እንዲህ ወስኗል» ብሎ ቀኑንና ውሳኔውን መጻፍ ይበቃል። ክሱ የተቋረጠ ከሆነም «ተቋረጠ» በል፤ «ነጻ ወጣ» አትበል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ስድቡን ድምፅህን ቀድተህ ልከህ ከነበረ ደግሞ ይህንንም በድምፅህ ላከው፤ የድምፅ መልእክት ብቻ የሚያዳምጡ አክስቶችና አጎቶች አሉና።